ማለዳ የሚለግም ሞተር
(ስለ ካርቡራተርና ስለ ሙቀት ጥቂት ማብራሪያ)

በማለዳ «እባካችሁ እስቲ ግፉኝ» የሚል ባለመኪና ያልገጠመው ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ደጋው ውርጭ በሚለብስበት ወራት፣ ማታ ደኅና ሆኖ የቆመው መኪና ጠዋት ሞተሪኖው እያጉረመረመ ይዞርና አልነሣም ብሎ ድርቅ ይላል። ያው መኪና ቀትር ላይ ቁልፉ ገና ሲነካ ይነሣል። ቤንዚኑ ያው ቤንዚን፣ ካንዴላውም ያው ካንዴላ ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ዘይትንም ያወፍራል። ስለዚህ ሞተሪኖው ጠዋት ከብዶት ቢዞር አያስገርምም። ነገር ግን ሞተሪኖው በደንብ እየዞረም አልነሣም የሚል ሞተር ሞልቷል። የዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ካርቡራተር የሚባለውን ዕቃ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

«ዛሬ እኮ አዲስ መኪና ካርቡራተር የለውም!» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፤ የለውም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ትንሿ ጄኔሬተር፣ ማሳ ዳር የምታጉረመርመው የቤንዚን ፓምፕ፣ በየከተማው የሚሯሯጡት ብዙዎቹ ባጃጆችና እስከ ዛሬ መንገድ ያልለቀቁት ቮልሶች የሚሠሩት በካርቡራተር ነው። ደግሞም ለእኛ ለእጩ መምህራን ሌላ ጥቅም አለው። ስለ ትነት፣ ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ብረታ ብረት መለጠጥ ለየብቻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ሁሉ በዚህች በአንድ እጅ በምትያዝ ዕቃ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ፍሊት መንፊያን ያላየ የለም። እጀታው ሲገፋ አየሩ በፍጥነት ይወጣና፣ እግሩ ፈሳሹ ውስጥ በተነከረ ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ወደ ላይ ይሳብና እንደ ጉም ይበተናል። ካርቡራተርም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እዚያ አየሩ የሚገፋ ሲሆን እዚህ የሚሳብ መሆኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በካርቡራተሩ ጉሮሮ በኩል ይገባል። ጉሮሮው መካከል ላይ ጠበብ ይላል። ጠባብ ቦታ ላይ አየሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ይህንን የግፊትና የፍጥነት ዝምድና ዳንኤል በርኑሊ የሚባለው ሊቅ በ1738 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ታዲያ የጉሮሮው ግፊት ሲቀንስ፣ ከጎን ባለችው የቤንዚን መያዣ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ወደ ጉሮሮው ይገፋዋል። በመያዣዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከፍታው እንዳይዛነፍ የሚጠብቀው ደግሞ ተንሳፋፊ ነው፤ ይኸውም በሽንት ቤት የውሃ ሣጥን ውስጥ እንዳለችው ኳስ መሆኑ ነው።

ጉሮሮው ሁለት ክዳኖች አሉት። ሁለቱም እንደ በር በአንድ ዘንግ ላይ የሚዞሩ ስስ ብረቶች ናቸው። የታችኛውን ክዳን የሚከፍተው የነጂው እግር ነው፤ ነዳጅ ስንሰጥ የምንከፍተው እሱን ነው። የላይኛው ክዳን ደግሞ ቾክ የሚባለው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ጀግና ይኸው የላይኛው ክዳን ነው።

አሁን ወደ ድብልቁ እንምጣ። 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። በሊትር ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን በባሕር ወለል ላይ 9,000 ሊትር ያህል አየር ማለት ነው። አየሩ ስስ በሆነበት በአዲስ አበባማ ከዚህም ይበልጣል። ድብልቁ በመጠኑ ቢወፍር ወይም ቢሳሳ ሞተር ይታገሣል። ነገር ግን አየሩ ከቤንዚኑ 20 እጥፍ ሲያልፍ እሳቱ ይሰንፋል፤ ከ8 እጥፍ በታች ሲሆንም ታፍኖ አይቀጣጠልም። ሁለቱም ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፈሳሽ ቤንዚን አይቃጠልም። የሚቃጠለው ተኑ ነው። ስለሆነም ከላይ የጠቀስነው 14.7 የሚሠራው በተነነው ቤንዚን እንጂ በፈሰሰው ቤንዚን አይደለም። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ የፈሰሰው ሁሉ ስለሚተን ልዩነቱ አይታወቅም። ሞተሩ ሲበርድ ግን ሌላ ጉድ ይመጣል።

ቤንዚን እንደ ውሃ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቀላሉ ክፍል በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መፍላት ይጀምራል፤ ከባዱ ክፍል ግን እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይጠብቃል። የማለዳው አየር 5 ዲግሪ፣ የሞተሩ ብረትም 5 ዲግሪ ሲሆን የሚተነው ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ተለጥፎ ይቀራል። ካርቡራተሩ ልክ ለ14.7 የሚሆነውን ቢያፈስም ሲሊንደሩ ጋ የሚደርሰው ተን ግን ከሚገባው በታች ነው። ድብልቁ በወረቀት ላይ ልክ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ግን ስስ ሆኗል። ካንዴላው ብልጭ ቢል ምን ያቀጣጥል?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ትንሽ ያስቃል። ቤንዚን አብዝቶ ማፍሰስ ነው። ገበሬ ፍሬው የሳሳበት አዝመራ ሲያጋጥመው ያሰበውን ያህል እህል ለማግኘት ብዙ ነዶ መውቃት አለበት፤ ገለባው ቢበዛም ፍሬው ይሞላለታል። ሞተርም ጠዋት እንዲሁ ነው። ከብዙ ቤንዚን ውስጥ ቀላሉ ክፍል ብቻ ተንኖ የሚቀጣጠል ድብልቅ እስኪሆን ድረስ ይፈስሳል። በብርቱ ብርድ ሞተር ሲነሣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚገባው አየር እስከ 3 ኪሎና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ቾክ ነው። የላይኛው ክዳን ሲዘጋ የሚገባው አየር ይቀንሳል፤ ከክዳኑ በታች ያለው የመምጠጥ ኃይል ደግሞ ይበረታል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ከየቀዳዳው እየተሳበ በብዛት ይወጣል። «ቾክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ማነቅ ማለት ነው፤ ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል።

የሚቀረው ትልቅ ጥያቄ ቾኩን ማን ይዝጋው፣ ማንስ ይክፈተው የሚለው ነው። ጥንት ሥራው የነጂው ነበር። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ይስባታል፤ ሽቦዋ ክዳኑን ትዘጋለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይመልሳታል። ብዙዎቹ የቀድሞ ላንድሮቨሮችና ፔጆዎች እንዲህ ነበሩ። የእንግሊዞቹ ኤስ ዩ ካርቡራተር ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። እዚያ ቾክ ሲሳብ የሚዘጋ ክዳን የለም፤ ቤንዚን የሚወጣባት ቀዳዳ ራሷ ዝቅ ትልና በመካከልዋ ካለው እንደ መርፌ ሾጣጣ ብረት ትርቃለች፤ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ቤንዚኑ ይበዛል።

የእጅ ቾክ አንድ ትልቅ ጠላት አለው፤ ይኸውም መርሳት ነው። ነጂው ቾኩን ስቦ ሞተሩን ያስነሣና ጨዋታ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቤንዚኑ ሁሉ መትነን ይጀምራል፣ ቾኩ ግን እንደተሳበ ነው። ጥቁር ጭስ በማርሚታው ይወጣል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ቤንዚኑም በከንቱ ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። ሳይተን የቀረው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ የሸፈነውን ስስ ዘይት ያጥበዋል፤ አጥቦም ወደ ታች ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። የዘይት መለኪያውን ስበው ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ምልክቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ መሐንዲሶች ክዳኑን በራሱ የሚሠራ ለማድረግ ብዙ ደከሙ። ለምሳሌ አገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቮልስዋገን እንውሰድ። ፋብሪካው በ1960 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ባወጣው በ34 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ላይ 28 ፒክት የተባለውን የሶሌክስ ካርቡራተር ገጠመ። ቀጥሎ 30 ፒክት፣ ከዚያም 34 ፒክት መጡ፤ ቁጥሩ በታችኛው ክዳን በኩል ያለው የጉሮሮ ስፋት በሚሊሜትር ነው። እነዚህ ሁሉ የእጅ ቾክ የላቸውም።

በቮልሱ ካርቡራተር ጎን ላይ እንደ ትንሽ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የመሰለች ክብ ነገር አለች፤ አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ ትገባባታለች። ውስጧ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ይህ ብረት ግን አንድ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት ብረቶች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ብረት ሁሉ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ነገር ግን እኩል አይለጠጥም። ለምሳሌ የ1 ሜትር ናስ በ100 ዲግሪ ሙቀት ወደ 1.9 ሚሊሜትር ሲረዝም፣ የብረት ዘንግ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ኢንቫር የተባለው ብረትና 36 በመቶ ኒኬል የተቀላቀለበት ማዕድን ደግሞ ከእነዚህ የአንዱን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። ይህን ማዕድን በ1896 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ሻርል ኤድዋር ጊዮም በ1920 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ታዲያ ብዙ የሚለጠጠውና ጥቂት የሚለጠጠው ተጣብቀው ሲሞቁ ምን ይሆናሉ? ተለያይተው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ጥምሩ ጥቂት ወደሚለጠጠው ጎን ይጎብጣል። ጥቅልል ከሆነ ደግሞ ይጠመዘዛል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ጥቅልሉ ክዳኑን ወደ መዝጋት ይገፋዋል። ጠዋት ነጂው ከማስነሣቱ በፊት ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጦ መልቀቅ አለበት። ይህ ለምን እንደሆነ ብዙ ባለቮልሶች አያውቁትም፤ ልማድ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቾኩ ዘንግ ጋር የተያያዘች ባለደረጃ ብረት አለች፤ ከታችኛው ክዳን የምትመጣ ብሎን በደረጃዎቿ ላይ ታርፋለች። እግር ሳይረገጥ ብሎኗ ያችን ብረት ተጭናት ስለምትይዝ ጥቅልሉ ክዳኑን መዝጋት ቢፈልግም አይችልም። እግር ሲረገጥ ብሎኗ ትነሣለች፣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ እግሩ ሲለቀቅም ብሎኗ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ታርፋለች። በዚህም የታችኛው ክዳን ትንሽ ተከፍቶ ይቀራል። ሚኒሞው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ የበረደ ሞተር በዝቅተኛ ሚኒሞ ቢተው ይጠፋል።

ሞተሩ እንደተነሣ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሙሉ በሙሉ የታነቀ ሞተር አይሠራም፤ ወዲያው በቤንዚን ይሰጥማል። ለዚህም ሁለት ረዳቶች አሉ። አንደኛው፣ ክዳኑ ዘንጉ ላይ የተተከለው መሐል ለመሐል አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ስለሚሰፋ የሚሳበው አየር ራሱ ትንሽ ይከፍተዋል። ሁለተኛው፣ በሞተሩ የመምጠጥ ኃይል የሚሳብ ስስ ሽፋን አለ፤ ሞተሩ በተነሣ ቅጽበት ሽፋኑ ዘንጉን ይስብና ክዳኑን በተወሰነ መጠን ይከፍተዋል። ይህ ሽፋን የተቀደደ እንደሆነ ሞተሩ ይነሣና አፍታ ሳይቆይ እያነቀው ይጠፋል። መካኒኩ ቤንዚን ፓምፑን፣ ካንዴላውን፣ ምኑን ሁሉ ይነካካል፤ ጥፋቱ ግን በዚህች ሽፋን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ቁልፉ ሲከፈት በክብዋ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ ጥቅልሉ ይሞቃል፤ ክዳኑ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ባለደረጃዋም ብረት ደረጃ በደረጃ ትወርዳለች።

ልብ በሉ፤ ይህ ዕቃ የሞተሩን ሙቀት አይለካም። ይገምታል እንጂ! ማሞቂያው በኤሌክትሪክ የሚግል ስለሆነ «ቁልፉ ከተከፈተ 3 ደቂቃ አልፏል፤ እንግዲህ ሞተሩ ሞቆ ይሆናል» እንደ ማለት ነው። ግምት ደግሞ ይሳሳታል። ነጂው ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቢያወራ፣ ቾኩ ባልሞቀ ሞተር ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማስነሣት አሳር ነው። በአንጻሩም መኪናው ሠርቶ ለግማሽ ሰዓት ሲቆም ጥቅልሉ ከሞተሩ ቀድሞ ስለሚበርድ በሞቀ ሞተር ላይ ቾክ ይዘጋል፤ ቤንዚኑም ይበዛል። በራዲያተር ውሃ በሚቀዘቅዙ ሞተሮች ላይ አንዳንድ ካርቡራተሮች ጥቅልላቸውን የሚያሞቁት በራሱ በሞተሩ ውሃ ነው፤ ይህኛው ለእውነቱ ይቀርባል። ቮልስ ግን ውሃ የለውምና ምን ያድርግ? በኔ አስተያየት ለማይረሳ ነጂ የእጅ ቾክ ይበልጣል። ግን የማይረሳ ነጂ የት ይገኛል!

ቾክ ተከፈተ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ ቤንዚኑ በቧንቧው ግድግዳ ላይ መለጠፉ አይቀርም። በቮልስ ላይ ለዚህ የተሠራ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን እየወሰደ ከካርቡራተሩ ሥር ያሳልፈዋል። ቱቦው የመግቢያውን ቧንቧ ያሞቃል፤ የተለጠፈው ቤንዚንም ይተናል። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ በዓመታት ብዛት በጥቀርሻ ይደፈናል። ይህ ሲሆን መኪናው ሞቆም ቢሆን ነዳጅ ሲሰጠው ይንገዳገዳል። ካርቡራተሩን አሥር ጊዜ ቢያጥቡት አይድንም። እጅዎን ይዘው ማወቅ ይችላሉ፤ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ቱቦው ካልሞቀ ተደፍኗል ማለት ነው። ነገር ግን ደኅና ከሆነ እጅ ያቃጥላልና ጥንቃቄ አይለይዎ።

የክረምት ነገር ደግሞ ብቻውን ሊተረክ የሚገባው ነው። ክንድን በአልኮል አሽተው መርፌ ሲወጉን የሚሰማን ቅዝቃዜ ከየት መጣ? አልኮሉ ሲተን ሙቀቱን የሚወስደው ከቆዳችን ነው። በሸክላ እንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ቤንዚንም ካርቡራተር ውስጥ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከአየሩና ከብረቱ ነው፤ የጉሮሮው ሙቀት በ20 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ አስቡት። በሐምሌ ዝናብ የአዲስ አበባ አየር 12 ዲግሪ ሲሆንና እርጥበት ሲሞላው፣ 12 ሲቀነስ 20 ከዜሮ በታች 8 ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በታችኛው ክዳን ዙሪያ በረዶ ይሆናል! ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ነጂው ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ሲመለከት ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል። መካኒክ ጋ ቢወሰድ ምንም አይገኝበትም፤ «ይህ መኪና ጋኔን አለበት» ይባላል። ጋኔኑ በረዶ ነው። ለዚህ ሲባል ነው ብዙ መኪኖች በአየር ማጣሪያው አፍ ላይ ክዳን ያላቸው፤ ብርድ ሲሆን አየሩን ከማርሚታው አካባቢ ያስገባል፣ ሙቀት ሲሆን ከውጭ። ይህ ክዳን ተሰብሮ ወይም ቱቦው ወልቆ የሚሄድ መኪና ብዙ ነው።

ወደ ቆላ ሲወርዱ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ ቀትር ላይ ረጅም መንገድ የሄደ ሞተር ቆም ሲል፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል፤ በመያዣዋ ያለው ቤንዚን መፍላት ይጀምራል። የፈላውም በቀዳዳው በኩል ወደ ጉሮሮው እየተንጠባጠበ ሞተሩን ያሰጥመዋል። ወይም ደግሞ በፓምፑና በቱቦው ውስጥ ቤንዚኑ ተን ይሆንና ፓምፑ አየር ብቻ ይመታል። አንዱ ከመብዛት ነው፤ ሌላው ከማጣት ነው። ለመጀመሪያው፣ ቾክ ፈጽሞ ሳይነካ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጦ ይዞ ማስነሣት ይረዳል፤ በብዛት የሚገባው አየር የተትረፈረፈውን ቤንዚን ያወጣዋል። ነዳጁን ደጋግሞ መምታት ግን በእሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው፤ በየምቱ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫልና። ለሁለተኛው፣ የድሮ ሾፌሮች በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጥማሉ። ይህ ከሳይንስ ጋር የሚስማማ ዘዴ ነው፤ እንደ እንስራው ውሃ ትነቱ ያበርደዋል።

ከፍታም አለበት። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ካርቡራተር ግን አየሩ ስስ መሆኑን አያውቅም፤ ለባሕር ወለል በተመጠነው ቀዳዳ ቤንዚኑን ያፈሳል። በሂሳብ ሲሠራ ድብልቁ በ12 ወይም በ13 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ 14.7 የነበረው ወደ 13 ይጠጋል ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ሙቀት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ከ30 ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ አየሩ ስለሚጠብቅ ድብልቁ በ5 በመቶ ያህል ብቻ ይሳሳል። ስለዚህ የጠዋቱ ችግር ከአየሩ መጥበቅ ሳይሆን ከቤንዚኑ አለመትነን የሚመጣ መሆኑን ከቁጥሩ መረዳት ይቻላል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያጤሰው በከፍታው ምክንያት ነው።

አሁን ሕይወትን ስለሚነካው ጉዳይ እንናገር። አንዳንድ ሰው ሞተር አልነሣ ሲለው ማጣሪያውን አውልቆ በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን በብርጭቆ ይጨምራል፤ ሌላው ሞተሪኖውን ያዞራል። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ግን እሳቱ በቫልቭ በኩል ወደ ኋላ ይመለስና በጉሮሮው ይወጣል፤ ብርጭቆ የያዘው እጅና ከላይ ያጎነበሰው ፊት ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። ቾኩ የማይዘጋ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት የጉሮሮውን አፍ ለአፍታ ከፈን ማድረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቤንዚን በእጅ መያዝ አያስፈልግም። መዳፍን ማስገባት ግን አይገባም፤ እሳት ሊመለስ ይችላልና።

ሌላው ጭሱ ነው። ቾክ የተሳበበት ሞተር ቤንዚኑን ጨርሶ አያቃጥልም፤ አየሩ አይበቃውም። ስለዚህ በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ይበዛል፤ ከመቶ 5 እጅና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ በየዓመቱ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደማችን ቀይ ነገር ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂት ቢተነፍሱትም ደሙን ይይዝና ኦክሲጅን ቦታ ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ከዚያም እንቅልፍ ይመጣል። በብርድ ጠዋት ጋራዡን ዘግቶ «እስኪሞቅ» ብሎ ሞተር ማስነሣት፣ ወይም ጄኔሬተርን ከዝናብ ለማዳን ብሎ ክፍል ውስጥ ማስገባት አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ በአዲስ መኪኖች ላይ ይህ ሁሉ ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ ተላልፏል። ቮልስዋገን ራሱ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የቦሽን የኤሌክትሮኒክ ቤንዚን መርጫ በ1600 ሞዴሉ ላይ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ካርቡራተር ቀስ በቀስ ከመኪና ተባረረ። በአዲሱ ዘዴ በሞተሩ ውሃ ውስጥ የተነከረ መለኪያ ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይመጥናል። መገመት ቀረ፤ መለካት መጣ። ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ሲበርድ አይተንም። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ጠዋት የሚያደርገው የድሮው ቾክ ያደርግ የነበረውን ነው፤ ቤንዚን ያበዛል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቤንዚንም ቾክም አያውቅም።

ለክፍል ማሳያ የሚሆን ነገር ለምትፈልጉ፣ የጥምሩን ብረት ጠባይ ያለ ምንም ወጪ ማሳየት ይቻላል። ከሲጋራ ፓኮ ወይም ከማስቲካ መጠቅለያ አንድ ጎኑ ብልጭልጭ፣ አንድ ጎኑ ወረቀት የሆነውን ቁራጭ በጣት ስፋት ይቁረጡ። በወረቀት መያዣ ብረት ይዘው ከሻማ ነበልባል በላይ በአንድ ስንዝር ከፍታ ያድርጉት። ብልጭልጩ አሉሚኒየም ከወረቀቱ ይልቅ ስለሚለጠጥ ቁራጩ ወደ ወረቀቱ ጎን ይጎብጣል፤ ሲያርቁት ይመለሳል። ለትነቱ ደግሞ የቴርሞሜትርን ጫፍ በጥጥ ጠቅልሎ በአልኮል አርሶ በወረቀት ማራገብ ነው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቁጥሩ ሲወርድ ያንብቡ። ቤንዚን ግን ወደ ክፍል አይግባ። ተበላሽቶ የተጣለ የኤሌክትሪክ ካውያ ከተገኘ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው ውስጥ እውነተኛውን ጥምር ብረት ፈትቶ ማሳየት ይቻላል፤ ሶኬቱ አስቀድሞ መቆረጥ አለበት።

የትምህርት ቤታችሁን ጄኔሬተር የምታስነሡ ደግሞ፣ ማለዳ ከሆነ የቾኩን ምላስ ወደ ዝግ ወስዳችሁ ገመዱን ሳቡ፤ እንደተነሣ ወደ ግማሽ መልሱት፤ ድምፁ እኩል መሆን ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ከሰዓት በኋላ ሞቆ የቆመውን ስታስነሡ ግን ምላሱን አትንኩት።